የማረጋጊያና የእንቅልፍ ኪኒን በደም ሲመረመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰው ራሱን ስቶ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ቤተሰብ «ኪኒን ውጦ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። ደም ይወሰዳል፣ ፈጣን ምርመራ ይሠራል። ውጤቱ ቶሎ ይደርሳል። አረዳዳችን ላይ ግን ብዙ ስህተት አለ።

«ኔጌቲቭ ከሆነ ምንም አልወሰደም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ፈጣኑ ምርመራ የሚሠራው በአንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር በቅርጹ ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን ነው። አንቲቦዲ ደግሞ የሚይዘው የሚያውቀውን ቅርጽ ብቻ ነው። ቤንዞዳያዜፒን የሚባሉትን የማረጋጊያ መድኃኒቶች የሚፈልጉት ብዙዎቹ ኪቶች (የምርመራ ዕቃዎች) ከዚሁ ቤተሰብ ኦክሳዜፓምን ወይም ኖርዲያዜፓምን እንዲለዩ የተሠሩ ናቸው። ዲያዜፓም፣ ማለትም ቫሊየም፣ ሰውነት ውስጥ ወደ እነዚህ ስለሚቀየር በቀላሉ ይያዛል። የዚያው ቤተሰብ የሆኑት ሎራዜፓምና ክሎናዜፓም ግን ከዚያው ወንፊት ሾልከው ሊያልፉ ይችላሉ።

መጠጥ ውስጥ ተጨምሮ ሰው የሚያደነዝዝ ጂኤችቢ የሚባል ነገርም አለ። የተለመደው ኪት እሱን አይፈልገውም። ከተወሰደ በኋላ ከደም በ8 ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ከሽንት በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ይጠፋል። እንግዲህ አንዲት ሴት «መጠጤ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምረውብኛል» ብላ በማግስቱ ብትመረመርና ምንም ባይገኝ፣ ዋሽታለች ማለት አይቻልም። እንዲህ ብለው የሚፈርዱ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ያመኛል።

«ፖዘቲቭ ከሆነ አለቀ»

አላለቀም። አንቲቦዲው ሌላ መድኃኒት ሊያሳስተው ይችላል። በሽንት ምርመራ ላይ የድብርት መድኃኒቱ ሰርትራሊን እና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኤፋቪሬንዝ ቤንዞዳያዜፒን የተገኘ አስመስለው ሲያሳስቱ ታይቷል። ኤፋቪሬንዝ ደግሞ አገራችን ውስጥ ለዓመታት ብዙ ሰው የወሰደው ነው። ውጤቱ ትክክል ሲሆንም ጥፋት አለ ማለት አይደለም፤ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ባርቢቹሬት (ፌኖባርቢታል ያለበት የመድኃኒት ቤተሰብ) ቢገኝበት ምን ይገርማል? ሥራ ወይም ክስ የሚያስከትል ጉዳይ ከሆነ ማስ ስፔክትሮሜትሪ በሚባል፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። እሱ መድኃኒቱን በስሙ ለይቶ፣ መጠኑንም ይናገራል።

«ደሙ ውስጥ ከተገኘ በዚያ ሰዓት ደንዝዞ ነበር»

የግድ አይደለም። የዲያዜፓም መጠን በግማሽ እስኪቀንስ እስከ 48 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ኖርዲያዜፓም ከዚያም ይቆያል። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም ሰውነቱ ይለምደዋል።

«ውጤቱ ሳይመጣ ሕክምና አይጀመርም»

ይጀመራል። መጀመሪያ የሚታየው ትንፋሹ ነው፣ ከዚያ የደም ስኳሩ። ቤተሰብ በዚህ ሰዓት ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር ትራስ ሥር ወይም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተገኘውን የኪኒን ባዶ ፓኮ ይዞ መሄድ ነው።