«እግሯ ንጹህ ነው» ከመባሉ በፊት፦ ስለ አሮጌ ፒክአፕ እግር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሚሸጥ መኪና ማስታወቂያ ላይ «ሞተር፣ ካምቢዮ፣ እግር ንጹህ» የምትል መስመር አትጠፋም። ገዢው ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል። ካምቢዮውን ነድቶ ይሞክራል። እግሩ ጋ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከመኪናዋ አካል ጋር አያይዞ የመንገዱን ምት የሚውጠው ክፍል ጋ ሲደርስ ግን ጎማውን መታ መታ አድርጎ ያልፋል። መኪናዋ ቤት ከገባች በኋላ ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ ትላለች፣ መሪዋ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላ ቁጢጥ ትላለች። ይሄኔ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መካኒክ ይሆናል።

እዚህ የማወራው በዋናነት ስለ አሮጌ ሂሉክስ ነው። ከኋላ ሁሉም ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ የብረት ንጣፎች) ናቸው። ከፊት ግን ይለያያሉ። የድሮዎቹ ፎር ዊል ከፊትም ባሌስትራ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ቶርሽን ባር (እየተጠማዘዘ ክብደት የሚይዝ የብረት ዘንግ) ያላቸው መጡ፣ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡት፣ ቪጎ የሚባሉት ሂሉክሶች ደግሞ ሞላ አላቸው። የማንንም ምክር ከመስማታችሁ በፊት የእናንተዋ የትኛዋ እንደሆነች ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

«አሞርዛተር ቀይርላት፣ ትነሳለች»

አትነሳም። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ ነው። አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እየገፋ የመኪናዋን መንጠር ያበርደዋል። ጉልበቱ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ከረጅም ጠጠር መንገድ በኋላ አሞርዛተሩ ሲነካ ያቃጥላል። ያ የጤንነት ምልክት ነው። አራቱንም ስትነኩ አንዱ ብቻ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱን ጠርጥሩት። ኋላዋ ከወረደ ግን ገንዘባችሁን አሞርዛተር ላይ አትጨርሱ፤ የደከመው ባሌስትራው ነው።

«ጫን አድርገህ ስትለቃት ካልዘለለች ደህና ነው»

ይህ ሙከራ ለትናንሽ የቤት መኪናዎች ትንሽ ይሠራል። ፒክአፕ ላይ ግን ባሌስትራው ራሱ ድርቅ ያለ ስለሆነ አንድ ሰው ቢጫነውም እምብዛም አይንቀሳቀስም። ይልቅ አሞርዛተሩ ዘይት ማልቀሱን፣ ጫፉ ላይ ያለው ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የጎማ ቁራጭ) መበላቱን፣ ጎማው ላይ እዚህም እዚያም የተቦረቦረ ቦታ መኖሩን እዩ። ጎማ በደንብ ላነበበው ብዙ ይናገራል።

«ባሌስትራ ካስጨመርክ ብዙ ትጭናለች»

ከሁሉም የተለመደው ይሄ ነው፣ ጣጣውም የበዛ ነው። ሰውየው ሁለት ሦስት ንጣፍ ያስጨምራል። መኪናዋ ከኋላ ቀና ትላለች። አቅሟ የጨመረ ይመስለዋል። ሻንሲው (መኪናዋ የቆመችበት የብረት አጽም)፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማውና ፍሬኑ ግን የትናንቶቹ ናቸው። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ የወጣው እነዚህ ሁሉ ታስበው ነው። 10 ኩንታል የተባለች መኪና 20 ስትጭን አዲሱ ባሌስትራ ላይጎብጥ ይችላል። ድሮ እሱ ይውጠው የነበረውን ምት አሁን ሻንሲው ይቀበለዋል። ከጋቢናው ጀርባ ሻንሲው ተሰንጥቆ የተበየደ ፒክአፕ አይታችሁ ከሆነ፣ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚጀምረው።

ባዶዋን ስትሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኋላዋ ይዘላል። ጎማው መሬቱን ይለቅና ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይወጣል። ዝናብ ሲጨመርበት አስቡት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የፍሬኑን ነገር ነው። ብዙ ሂሉክሶች ላይ ከኋላ አክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ አለች። ጫፏ የፍሬን ዘይት ከሚያልፍበት ቫልቭ ጋር ተያይዟል። መኪናዋ ተጭና ኋላዋ ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሆና ከፍ ስትል ይቀንሳል፣ አለበለዚያ የኋላ ጎማዎቹ ቶሎ ይታሰራሉ። እንግዲህ ባሌስትራ አስጨምራችሁ ኋላውን ስታነሱት፣ ለቫልቩ መኪናዋ ሁሌም ባዶ ናት። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ የኋላ ፍሬን የድርሻውን አይሠራም፤ የፊቱ ብቻውን ይግላል። ስለዚህ ባሌስትራ በተነካ ቁጥር ያቺ ዘንግ እንደገና ትስተካከል። «አትጠቅምም» ብሎ ፈትቶ በሽቦ የሚያስራት መካኒክ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«አሮጌው ባሌስትራ እሳት ነክቶት ከተመታ እንደ አዲስ ይሆናል»

ወጪው ትንሽ ስለሆነ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ነገር ግን የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በተለካ ሙቀት እንደገና ተሞቆ ነው ጎብጦ የመመለስ ባሕርዩን ያገኘው። አንድ ቦታው ላይ በጋዝ ነበልባል ቀይ እስኪሆን ሲሞቅ ያ ባሕርይ እዚያ ቦታ ላይ ይጠፋል። ወይ ለስልሶ ቶሎ ይወርዳል፣ ወይ ድርቅ ብሎ ይሰበራል። በቀዝቃዛው ተመትቶ ቅርጹ የተመለሰ ይሻላል። እሱም ቢሆን የደከመ ብረት ነው፣ ጭነት ሲበዛበት ተመልሶ ይተኛል።

የተሰበረ ንጣፍ መበየድማ ጭራሽ አይታሰብም። ብየዳው ቢይዝ እንኳ ጎኑ ያለው ብረት በሙቀቱ ተበላሽቷል፣ የሚቀጥለው ስብራት እዚያው አጠገብ ነው። አቅም ካነሰ፣ ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ስንጥቅ የሌለው፣ ግራና ቀኙ ከአንድ መኪና የሆነ ሙሉ ባሌስትራ ፈልጉ።

«ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ይሻላል»

ለብረት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አሁን እንኳ ያገለገለ ባሌስትራ ፈልጉ ብያለሁ። ከጎማ ለተሠራ ዕቃ ግን አይሠራም። ጎሚኒና የቦል ጆይንት (የፊት ጎማውን ከእግሩ ጋር የሚይዘው ተሽከርካሪ መገጣጠሚያ) ሽፋን በዕድሜ ይደርቃሉ፣ መኪናዋ ቆማም ቢሆን። ሃያ ዓመት የሞላው ኦሪጅናል ጎሚኒ ያው ሃያ ዓመት የሞላው ጎሚኒ ነው። ያገለገለ ቦል ጆይንት ደግሞ ውስጡ አይታይም። እሱ ሲወልቅ ጎማው ተጋድሞ መሪው ከእጃችሁ ይወጣል። እዚህ ላይ መቆጠብ ለእኔ አይዋጥልኝም።

«ቡሎኑ ክሪክ ላይ እያለች ጥብቅ ይደረግ»

አዲስ ጎሚኒ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ተበጣጥሶ ሲገኝ «የቻይና ዕቃ ነው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የአገጣጠሙ ነው። ጎሚኒው መሐሉ ላይ የብረት ቱቦ አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ባለበት ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠማዘዘው የጎሚኒው ጎማ ብቻ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ እግሯ ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት፣ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይቀራል። ቆማም ስትሄድም ያው ነው። ጉድጓድ ሲመጣ ከዚያም በላይ ይጠማዘዝና ይቀደዳል።

ስለዚህ ሁሉንም ቡሎን አስገብታችሁ ዳዶውን ላላ አድርጋችሁ ያዙት። መኪናዋን በጎማዎቿ መሬት አውርዱ። ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ ግፏት፣ ነቅነቅ አድርጓት። የመጨረሻው ማጥበቅ ከዚያ በኋላ ነው። የኋላ ባሌስትራውም የፊቱ ክንዶችም ሕጋቸው ይሄው ነው። መካኒኩ «ጉድጓድ የለኝም፣ ከሥር መግባት አልችልም» ካለ፣ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ሂዱ።

«ላቫጆ ስትታጠብ ከሥር የተቃጠለ ዘይት ይረጭላት»

ዝገት ይከላከላል፣ ጩኸትም ያጠፋል ይባላል። ጩኸቱ ለጥቂት ቀን ይጠፋል። ነገር ግን ዘይቱ የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። ባሌስትራው መሐል ደግሞ አቧራ ይይዝና ብረቱን ይሞርደዋል። ናፍጣም ያው ነው። ከሥር በውኃ ብቻ ይታጠብ።

«ቶርሽን ባሩን አጥብቅና ፊቷን አንሳው»

ይነሳል። ቶርሽን ባሩ ግን አልጠነከረም፣ ቁመቷ ብቻ ነው የተቀየረው። እግሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያልቅበትና ጉብታ ባለፋችሁ ቁጥር ከላይ ጓ ይላል። ፎር ዊል ከሆነች የፊት አክስሎቹ ማዕዘን ይከፋና የጎማ ሽፋናቸው ይቀደዳል። የወረደውን ወደ ፋብሪካ ልኩ መመለስ ችግር የለውም፤ ከዚያ ማለፉ ነው ጣጣው።

«ያለቀው የግራው ነው፣ የግራው ብቻ ይቀየር»

አሞርዛተርና ባሌስትራ በጥንድ ይቀየራሉ። አንዱ አዲስ ሌላው የደከመ ከሆነ ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትዘነበላለች። ቦል ጆይንትና ታይሮድ (የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ግን የተበላሸው ብቻውን ቢቀየር ይቻላል፣ ሌላኛው በደንብ ከታየ።

«ወደ ግራ ትስባለች፣ አላይመንት ይሠራላት»

አላይመንት ማለት የጎማዎቹን ማዕዘን ማስተካከል ነው። ቦል ጆይንቱ፣ ታይሮዱ ወይም ጎሚኒው ላልቶ ከሆነ፣ ማሽኑ ላይ የተስተካከለው ማዕዘን ከጋራዡ በር እንደወጣችሁ ይቀየራል። መጀመሪያ የላላው ይቀየር፣ አላይመንቱ በመጨረሻ ይሠራ። ከዚያ በፊት የጎማ አየር ለኩ፤ መሳቡ ከእሱ ብቻ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የፍሬን መንከስም እንዲሁ ይስባል፤ ትንሽ ነድታችሁ የአንዱ ጎማ ቸርኬ ከሌላው ይልቅ ከጋለ ነገሩ የእግር አይደለም።

ባሌስትራው ተፈትቶ ከነበረ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አዲስ ይሁኑ። አሮጌዎቹ አንዴ በጉልበት ተስበዋል፣ ዳግመኛ ያንኑ ያህል አይዙም። አዲሶቹም ቢሆኑ ንጣፎቹ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ትንሽ ይላላሉ። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቋቸው። ላልተው ከቆዩ የባሌስትራው መሐል ቡሎን ይቆረጥና አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል።