«ከአቅምህ በላይ አይፈትንህም» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ልጁ ሲሞትበት ወይም ከባድ ሕመም ሲገጥመው «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ከአቅምህ በላይ አይፈትንህም» እንለዋለን። በቅን ልብ ነው። ግን ጥቅሱ የሚያወራው ስለዚህ አይደለም።

ቃሉ ያለው 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ላይ ነው። ትንሽ ከፍ ብላችሁ ከቁጥር 7 ጀምራችሁ ብታነቡት፣ ጳውሎስ የሚያነሳው እስራኤላውያን በምድረ በዳ የወደቁበትን ነው፤ ጣዖት ማምለክ፣ ዝሙት፣ ማጉረምረም። ቁጥር 14 ደግሞ ወዲያው ከጣዖት አምልኮ ሽሹ ይላል። ስለዚህ ተስፋው የተሰጠው ኃጢአት ለሚጎትተው ሰው ነው፤ ጉተታው ምንም ቢበረታ «ምን ላድርግ፣ አማራጭ አልነበረኝም» የሚባልበት ደረጃ አይደርስም፣ መውጫ አለው ማለት ነው። መውጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተአምር አይደለም። ስልኩን ዘግቶ መተኛት፣ ከቦታው ተነስቶ መሄድ፣ ለካህን ወይም ለምታምነው ሰው ሳታፍር መናገር ሊሆን ይችላል። ዮሴፍ እንኳ የጌታው ሚስት አብረን እንተኛ ብላ ስትይዘው ልብሱን ጥሎ ነው የሮጠው!

መከራማ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ራሱ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8 በእስያ የደረሰበት መከራ ከአቅም በላይ ከብዶት፣ በሕይወት የመኖር ተስፋ እስከ መቁረጥ መድረሱን ይናገራል። እምነት ስለጎደለው ነው የሚል ካለ ቀጣዩን ቁጥር ያንብብ፤ ይህ የሆነው በራሳችን ሳይሆን በእግዚአብሔር እንድንታመን ነው ይላል።

ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። ክፉ ሐሳብ ወደ አእምሮ መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ኢየሱስም ተፈትኗል፣ ግን ኃጢአት አልሠራም (ዕብራውያን 4፥15)። ያዕቆብ 1፥15 እንደሚለው፣ ኃጢአት የሚወለደው ምኞት ከፀነሰች በኋላ ነው።