ስም ስላልተጻፈ ብቻ ምስጢር አይጠበቅም

«ስማቸውን ስለማይጽፉ በነፃነት ይሞሉታል።» ከባሕር ዳር ቢሮዎች እስከ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤቶች የሠራተኛ እርካታ በመጠይቅ በተለካ ቁጥር ይህ ይደጋገማል። ስሕተት ነው።

ስምንት ሠራተኛ ያለውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት አስቡ። የመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመንና የሥራ መደብ ይጠይቃል። «ሴት፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከ10 ዓመት በላይ» የሚለውን የምታሟላው አንዲት ሠራተኛ ብቻ ናት፤ ስሟ ቢቀር ማን ይስታታል? እሷም ስለምታውቅ ስለ ኃላፊዋ የተጠየቀችውን ሁሉ «እስማማለሁ» ብላ ታልፈዋለች። ወረቀቱን ራሱ ኃላፊው ከሰበሰበማ የባሰ ነው። በመጨረሻም «አማካይ 4.2፣ ሠራተኛው ረክቷል» ተብሎ ሪፖርት ይደረጋል። የተለካው ግን ጥንቃቄ ነው።

ስለዚህ በትንተናው የማትጠቀሙበትን የግል መረጃ አትጠይቁ፤ ዕድሜንም «ከ35 በታች» እና «35 እና ከዚያ በላይ» ብላችሁ በሰፊው ክፈሉት። ለእያንዳንዱ ሰው ፖስታ ስጡ። የተቆለፈ ሣጥን ከኃላፊው ቢሮ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ይክፈተው። ከ5 ሰው ያነሰ ቡድን ውጤት ለብቻው አይውጣ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ የስምንቱን አማካይና የአንዱን ክፍል የአምስት ሰዎች አማካይ ካወጣችሁ የቀሩት ሦስቱ በቀላል ስሌት ይገኛሉ። በእጅ የተጻፈ አስተያየት ተተይቦ እንጂ እንዳለ ለኃላፊ አይሰጥም፤ በትንሽ ቢሮ የእጅ ጽሑፍ ሁሉም ያውቃል።

ሌሎች ስሕተቶችም ይደጋገማሉ። «ዋናው ደመወዝ ነው፤ ሌላውን መጠየቅ ትርፍ ነው።» የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ስፔክተር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሥራ እርካታ መለኪያ ደመወዝ ከዘጠኙ ዘርፎች አንዱ ነው፤ ከ36ቱ ጥያቄዎች አራቱን ይይዛል። አለቃ፣ ዕድገት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የሥራው ባሕርይና ሌሎቹም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

«ሥራውን ያልለቀቀ ረክቷል።» ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ቤተሰብ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ስላላገኘም ይቆያል።

«አልፋው (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር) ዝቅ ካለ መጠይቁ ለእኛ አገር አይሆንም።» ይህን ከማለታችሁ በፊት አሉታዊዎቹን፣ ማለትም ቅሬታን የሚገልጹትን፣ ጥያቄዎች ነጥብ ገልብጣችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። በስፔክተር መለኪያ 19ኙ አሉታዊ ናቸው። መልሱ ከ1 እስከ 6 ስለሆነ ከ7 ይቀነሳል፤ 2 የነበረው 5 ይሆናል። በአምስት ደረጃ የምትለኩ ከሆነ ከ6 ቀንሱ። ሳትገለብጡ ከደመራችሁ ቅሬታና እርካታ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ አማካዩም መሐል ላይ ይቆማል፤ አልፋውም ዝቅ ይላል።