65ኛዋ ካሬ ከየት መጣች? ስለ «ማያልቀው ቸኮሌት» የሚነገሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ እስቲ ይሄን ይዩት» አለኝ። የቲክቶክ ቪዲዮ ነው። 24 ቁራሽ ያለው ቸኮሌት በሰያፍ ይቆረጣል፤ ቁርጥራጮቹ ቦታ ይቀያየራሉ፤ አንድ ቁራሽ ተነስቶ ይበላል። ቸኮሌቱ ግን ምንም ያልተነካ ይመስላል። ክፍሉ በክርክር ቀለጠ። የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ኤዲት ነው እንጂ እንዲህ አይደረግም»

ግማሽ እውነት ነው። በሰፊው የተሰራጨው ቪዲዮ ቁራጩ ሲንሸራተት በቀስታ ያስረዝመዋል። ወረቀትና መቀስ ካላችሁ ግን ያለ ምንም ኤዲት ዓይንን ማታለል ይቻላል። ቸኮሌቱ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 6 ቁራሽ ነው እንበል። አንዱ ሲወጣ 23 ይቀራል። 23 ለ4 ሲካፈል 5.75 ነው። ስለዚህ ቁመቱ ከ6 ወደ 5.75 ወርዷል። የጎደለው ቢላው ባለፈበት መስመር ላይ ነው። እዚያ ያሉት ቁራሾች እያንዳንዳቸው ሩብ ሩባቸውን አጥተዋል። የተበላው ቁራሽ የአራቱ ሩብ ድምር ነው።

«64 ከ65 ጋር እኩል መሆኑ በሒሳብ ተረጋግጧል»

ይህችን በጣም እወዳታለሁ፤ እባካችሁ በእጃችሁ ሥሩዋት። ከካሬ ደብተር ላይ 8 በ8 ቁረጡ፤ 64 ካሬ ማለት ነው። ባለ 3 ረድፍና ባለ 5 ረድፍ አድርጋችሁ አግድም ክፈሉት። ባለ 3 ረድፉን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስትቆርጡት ሁለት ጎነ ሦስት ይወጣዋል። ባለ 5 ረድፉን ደግሞ ከግራ ጠርዝ ጀምራችሁ ከላይ 3 ካሬ፣ ከታች 5 ካሬ ቆጥራችሁ በሰያፍ ቁረጡት። አሁን አራት ቁራጭ አላችሁ። አገጣጥማችሁ 5 በ13 የሆነ ሬክታንግል ሥሩ። 5 ሲባዛ በ13፣ 65!

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ያቺን ዝምታ እወዳታለሁ።

ምሥጢሩ ሰያፉ ላይ ነው። የጎነ ሦስቱ ሰያፍ 8 ሲሄድ 3 ይወጣል፤ ተዳፋቱ 0.375 ነው። የሌላው ቁራጭ ሰያፍ 5 ሲሄድ 2 ይወጣል፤ ይህ 0.4 ነው። ሁለቱ ሲገጠሙ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላሉ እንጂ መሃል ላይ ትንሽ ይሰበራሉ። በመካከላቸው ረጅም፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ክፍተት ይቀራል። የክፍተቱ ስፋት ሲሰላ ልክ 1 ካሬ ነው። የካሬው ጎን 1 ሳንቲሜትር ቢሆን እንኳ ክፍተቱ በሰፊው ቦታው 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። የመቀስ ስህተት ነው ብለን እናልፈዋለን።

5፣ 8 እና 13 የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ቁጥሮች ድምር ነው። ቀጥላችሁ በ13 በ13 ሞክሩት። 169 የነበረው 8 በ21 ሲሆን 168 ይሆናል። አሁን ደግሞ አንድ ጎደለ! እዚህ ቁራጮቹ መሃል ላይ በስሱ ይደራረባሉ። ሒሳቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው «ቀጥ ብሏል» ያለው ዓይናችን ነው።

«ኖት ቆራርጦ ገንዘብ ማብዛት ይቻላል»

ይህ የቀልድ ነገር አይደለም፤ ሰው ይበላበታል። ወረቀት ላይ ቁመታቸው 9 ሳንቲሜትር የሆኑ 10 መስመሮችን ጎን ለጎን አስምሩ። ከመጀመሪያው አናት እስከ መጨረሻው ግርጌ በሰያፍ ቁረጡ። የታችኛውን ወረቀት በሰያፉ ላይ አንድ መስመር ያህል ወደ ቀኝ አንሸራትቱት። መስመሮቹ 9 ሆኑ! አንዱ የት ገባ? አስሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ነበሩ፤ በድምሩ 90። ዘጠኙ አሁን አስር አስር ናቸው፤ ይህም 90።

አሜሪካዊው የእንቆቅልሽ ፈጣሪ ሳም ሎይድ በ1896 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዘዴ፣ ክብ ካርቶን ሲዞር የተሳሉት 13 ተዋጊዎች 12 የሚሆኑበት መጫወቻ አውጥቶ ነበር። 9 ኖት 10 ሆነ ማለትም እያንዳንዱ አንድ አስረኛው አጥሯል ማለት ነው። የተጨመረ ብር የለም። እንዲህ ላድርግልህ የሚል ሰው ከመጣ ገንዘባችሁን አታሳዩት።

«ሽማግሌው በሬውን ጨምሮ ውርሱን በትክክል አካፈለ»

ታሪኩን ብዙዎቻችን በግመል ሰምተነዋል። አባት 17 በሬ ትቶ ሞተ። ለአንዱ ልጅ ግማሹን፣ ለሁለተኛው ሲሶውን፣ ለሦስተኛው አንድ ዘጠነኛውን ተናዘዘ። ሽማግሌ የራሱን በሬ ጨምሮ 18 አደረጋቸው። 9፣ 6 እና 2 ሰጠ፤ 17 ሆነ። የራሱን ይዞ ሄደ። ደስ የሚል እርቅ ነው። ግን የ17 ግማሽ 8.5 እንጂ 9 አይደለም። የኑዛዜው ክፍልፋዮች ቢደመሩ 17/18 ብቻ ናቸው። ለማንም ያልተሰጠ ትርፍ ነበር፤ ሽማግሌው እሱን ለሦስቱም አዳረሰላቸው።

«ባናክና ታርስኪ ወርቅ እጥፍ እንደሚሆን አሳይተዋል»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ይህኛው የዓይን ማታለል አይደለም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ስቴፋን ባናክና አልፍሬድ ታርስኪ በ1924 እ.ኤ.አ. አንድ ድፍን ኳስ ተከፋፍሎ፣ ሳይለጠጥ፣ ያንኑ የሚያህሉ ሁለት ኳሶች ሊሆን እንደሚችል በእርግጥ አረጋገጡ። 5 ቁራጭ ይበቃል። ነገር ግን ያ ኳስ ማለቂያ የሌላቸው ነጥቦች ስብስብ ነው። ቁራጮቹም ቢላ የሚያወጣቸው ዓይነት አይደሉም። ከመበታተናቸው የተነሳ ይዘት የሚባል ነገር ሊለካላቸው አይችልም። ይዘት ከሌላቸው ደግሞ «ይዘቱ ተጠብቆ መቆየት ነበረበት» የሚለው ክርክር አይሠራም።

ወርቅ ግን አተም ነው። ብዙ ቢሆንም ተቆጥሮ ያልቃል። 10 ግራም ወርቅ ለአንጥረኛ ብትሰጡትና እንደፈለገ ቆርጦ ቢገጣጥመው ከ10 ግራም አይበልጥም። እንዲያውም በሞረድ የሚረግፈው ስላለ በሚዛኑ ላይ ትንሽ ጎድሎ ነው የሚመለስላችሁ።