የሰርፍ ከተማ ምንድን ነው?

ብቻውን ወደ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ ውሎው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አንድ ቀን የፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተመልክቶ፣ በማግሥቱ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ይነሣል። የሰርፍ ከተማ የሚባለው መዳረሻ ግን ታይቶ የሚያልቅ ነገር የለውም። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለባሕሩ ሲሆን፣ ባሕሩ ደግሞ በየዕለቱ ስለሚለዋወጥ ለሦስት ቀን የመጣው እንግዳ ሳምንታት ሲሰነብት ይታያል።

ሰርፍ ማለት ወደ ዳርቻ በሚገሠግስ ሞገድ ላይ በቦርድ (በሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ሳንቃ) ቆሞ መንሸራተት ነው። መነሻው ፖሊኔዥያ፣ በተለይም ሃዋይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1920 በኦሊምፒክ የውኃ ዋና ውድድር ወርቅ ያገኘው የሃዋይ ተወላጅ ዱክ ካሃናሞኩ በሌላው ዓለም እንዲታወቅ ብዙ ደክሟል። ሰርፍ ራሱ የኦሊምፒክ ውድድር የሆነው ግን በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው።

ጎርጎራ ጣና ዳር ሆና ሳለ የሰርፍ ከተማ የማትሆነው ለምንድን ነው? ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሰፋም፣ ነፋስ በላዩ ሳይቋረጥ የሚነፍስበት ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር በታች በመሆኑ፣ የሚያነሣው ሞገድ አጭርና የተጠጋጋ ነው፤ ነፋሱ ሲያርፍም አብሮት ይከስማል። በውቅያኖስ ላይ ግን ዐውሎ ነፋስ ያስነሣው ሞገድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አንዱ ከሌላው አሥር ሰከንድና ከዚያም በላይ እየተራራቀ ይደርሳል። ውኃው ወደሚሳሳበት ሲቃረብ ሥሩ በወለሉ ተይዞ ይዘገያል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም አናቱ ወደ ፊት ይደፋል። የወለሉ ቅርጽ ሞገዱን ከአንድ ጎን ጀምሮ በተራ የሚያፈርሰው ከሆነ ቦታው ለሰርፍ የተመቸ ነው። ከአጋዲር በስተ ሰሜን በአትላንቲክ ዳር የምትገኘው የሞሮኮዋ ታጋዙት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች፤ ስሟን ያስጠሩት በአገሩ ክረምት፣ ማለትም በእኛ በጋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ፣ ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጡት ሞገዶች ናቸው።

እንዲህ ያሉ ከተሞች ዘና ያሉ ናቸው ሲባል ብዙ ሰው ስንፍና ይመስለዋል፤ በእኔ እይታ ግን ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ስለሆነ ነው። በብዙ ቦታዎች ነፋሱ ቀለል የሚለው ጠዋት በመሆኑ፣ ገና ሳይነጋ ቦርዱን ሰም የሚቀባ ሰው ይታያል፤ ሰሙ እግር እንዳያንሸራትት ነው። ከሰዓት በኋላ የባሕር ነፋስ ውኃውን ሲያናውጠው መንደሩ ይተኛል፣ ወይም ሻይ ይዞ ይቀመጣል።

ብቻውን የመጣ ሰው እዚያ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቆይም። ማረፊያዎቹ የጋራ መኝታና የጋራ ራት ያላቸው ከመሆናቸውም በላይ፣ ጀማሪ ያለ ጓደኛ ወደ ውኃ እንዲገባ አይመከርም። ውኃው ውስጥም ደንብ አለ፦ ሞገዱ መፍረስ ለሚጀምርበት ቦታ የቀረበው ሰው ቅድሚያ አለው፤ በፊቱ መግባት ከባድ ነውር ነው። ጀማሪው ግን ይህ ገና አይደርሰውም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው ዳርቻው አጠገብ በነጭ አረፋ ውስጥ፣ ለስላሳውን ቦርድ በገመድ ከቁርጭምጭሚቱ አስሮ እየወደቀና እየተነሣ ነው። በአንድ ቀን ተሞክሮ መመለስ አቦል ብቻ ጠጥቶ እንደ መነሣት ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ለመሞከር የሚያስብ ሰው ከትኬቱ ዋጋ በፊት ወቅቱን ይመልከት፤ የታጋዙት ትልልቅ የክረምት ሞገዶች ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ አይደሉም። ዋናም አስቀድሞ ይማር፤ በጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ውስጥ ዘሎ መግባት ዋና ከመቻል አይቆጠርም።