ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ምንድን ነው? በስቴም ሴል ውስጥስ ማን ያዝዘዋል?

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በተደረገ የጤና ውይይት አንድ ተናጋሪ ስለ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌሎች የሴል ዓይነቶች መለወጥ ስለሚችል ሴል፣ ሲያስረዱ «አራቱን ጂኖች ማብራት ብቻ ነው፤ ሴሉ ወደ ፅንስነቱ ይመለሳል» አሉ። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለታመመ ልጃቸው መላ የሚፈልጉ ወላጆች አምነው ሲሄዱ ማየት ግን ያሳዝነኛል።

ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ዲኤንኤ ላይ ቦታውን ለይቶ በማረፍ አንድ ጂን እንዲነበብ ወይም እንዳይነበብ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ በ2006 እ.ኤ.አ. በአይጥ ሴል የተጠቀሙባቸው ኦክት4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ ከዚሁ ወገን ናቸው። አራቱም ገብተውላቸው ከመቶ ሴሎች አንዱ እንኳ ወደ ስቴም ሴልነት አልተመለሰም። ማብራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ የት ቀሩ?

ፕሮቲኑ ተመረተ ማለት ሥራው ተሠራ ማለት አይደለም። ከቀበሌ ወደ ታቦር ክፍለ ከተማ የተጻፈ ደብዳቤ ማኅተም ካላረፈበት ማንም አይቀበለውም። በሴል ውስጥም ኢንዛይሞች ፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ያትማሉ። ማኅተሙ የሚያርፍበት ቦታም ለውጥ ያመጣል፦ ኦክት4 አንድ ነጥብ ላይ ሲታተምበት ይጸናል፤ ሌላ ነጥብ ላይ ሲታተምበት ዩቢኪቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ይቀጠልበታል፣ ይህም «ይወገድ» ተብሎ እንደ መመራት ነው። የወረቀቱ ማኅተም አይለቅም፤ የሴሉን ግን ሌላ ኢንዛይም በደቂቃዎች ውስጥ ይፍቀዋል። ጂኖቹ የተቀመጡበት መዝገብ ቤትም ቁልፍ አለው፦ ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ አሴቲል የተባለ ኬሚካዊ ምልክት ሲለጠፍ መደርደሪያው ይላላል፤ አንዳንድ የሜቲል ምልክቶች ደግሞ ይዘጉታል። በስቴም ሴል ውስጥ በርካታ የእድገት ጂኖች የመክፈቻውንም የመዝጊያውንም ምልክት አንድ ላይ ይዘው ይጠብቃሉ።

መጠኑም አለ። በአይጥ የፅንስ ስቴም ሴል ውስጥ ኦክት4 እጥፍ ሳይሞላ እንኳ ቢጨምር ሴሉ ስቴም ሴልነቱን ይተዋል፤ ሲጎድልም እንዲሁ፣ ወደተለየ የሴል ዓይነት ይሄዳል። ታዲያ «በርቷል» የሚለው ቃል የትኛውን ይገልጻል?

ለላቦራቶሪ ሰዎች ደግሞ፦ ከጂኑ የሚቀዳውን የአርኤንኤ መጠን ለክታችሁ ስለ ፕሮቲኑ ሥራ አትደምድሙ፤ ማኅተሙ አርኤንኤ ላይ አይታይም። ፎስፌትን ይለያል የተባለ አንቲቦዲም ፎስፌት የሌለበትን ፕሮቲን ሊይዝ ይችላል፤ ናሙናውን ፎስፌትን በሚፍቀው ኢንዛይም፣ በፎስፋቴዝ፣ አክማችሁ ምልክቱ መጥፋቱን ሳታዩ ውጤቱን አትመኑ።