ልጆች «ይህ ለምንድን ነው?» ሲሉ

ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ነው። ሁላችንም ስለ በዓሉ ማውራት ጀምረናል። ዶሮ ስንት ገባ፣ ሽንኩርት ስንት ሆነ፣ ቅርጫውን ከእነማን ጋር እንግባ፣ ዘንድሮ የምንሰባሰበው እነማን ቤት ነው። ይህ ሁሉ መልካም ነው፣ የበዓል ወግ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ ጥያቄ ልጽፍላችሁ። ልጆቻችን በየዓመቱ ይጠይቁናል፣ እኛም በየዓመቱ እናልፈዋለን።

ቀዳም ስዑር ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ቄጠማ ይዘን እንገባለን። በየሰዉ ራስ ላይ እናስራለን። ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ «ሣሩ ለምንድን ነው?» ይላል። የብዙ ቤት መልስ «ባህላችን ነው» ነው። አለቀ። ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ እኮ በመጽሐፍ ቅዱስ ቀድሞ የተነገረ ነው! የመጀመሪያው ፋሲካ ገና ሳይበላ፣ እስራኤል ገና ከግብፅ ሳይወጡ፣ ሙሴ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ልጆቻችሁ «ይህ አገልግሎት ለእናንተ ምንድር ነው?» ባሏችሁ ጊዜ እንዲህ ብላችሁ ትመልሳላችሁ አላቸው (ዘጸ. 12፥26-27)። እግዚአብሔር በዓሉን ሲሠራ የልጅ ጥያቄ አብሮ እንዲገባበት አድርጎ ነው የሠራው። መልሱንም ለካህናት ብቻ አልተወውም። በጉ የሚበላው በየቤቱ ነበርና መልሱም በየቤቱ እንዲሰጥ ነው ያዘዘው።

ስለዚህ ለቄጠማው መልስ አለን። የጥፋት ውኃ ሲጎድል ርግብ ለኖኅ ለምለም ቅጠል ይዛ መጣች፣ መከራው ማለፉን አበሠረችው። ካህናቱም በዚያች ጠዋት «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጠማውን ሲያድሉን ጌታ በመስቀሉ ሰላም እንዳደረገልን፣ ሲኦል ወርዶ ነፍሳትን ነፃ እንዳወጣ እያበሠሩን ነው። ለሕፃን ይህን ለመንገር ቄጠማውን አስራችሁ እስክትጨርሱ ያለው ጊዜ ይበቃል። ረጅም ስብከት አያስፈልገውም። እንዲያውም ስብከት ካደረጋችሁበት ይሸሻችኋል።

የጸሎተ ሐሙስ ጉልባንም እንዲሁ ነው። ስንዴውና ባቄላው ተቀቅሎ ሲቀርብ ልጆች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ጣዕሙ አይማርካቸውም። «ብላ፣ በረከት ነው» ከማለት ይልቅ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ እንኳ ጊዜ እንዳልነበራቸው፣ ጉልባኑም ያንን ችኮላ እንደሚያስታውሰን ንገሩት። የዚያን ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዛችሁት ሂዱ፣ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ይይ። በማግስቱ ስቅለት ነው፤ ሲደክመው ይቀመጥ፣ ግን ትልቁ ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሣ፣ ሲሰግድ ይየው። ያየውን ራሱ ይጠይቃችኋል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ የሚያሳስበኝ አለ፤ የእናቶች ነገር። የትንሣኤ ሌሊት እኛ ነጭ ለብሰን፣ ጧፍ ይዘን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» እያልን ስንመልስ፣ ስንት እናት ናት ምድጃ ሥር የቀረችው? ዶሮው በሎሚና በጨው ደጋግሞ መታጠብ አለበት፣ 12 ብልቱ መውጣት አለበት፣ ቁሌቱ ለሰዓታት መማሰል አለበት፣ እንቁላሉ መላጥ አለበት፣ ዳቦውም አለ። 55 ቀን የጾመች፣ ሕማማቱን የሰገደች ሴት የምሥራቹ በሚነገርበት ሰዓት ከድስት ጋር ትታገላለች። እኛ ከቅዳሴ መጥተን እጃችንን ታጥበን እንቀመጣለን።

ጌታ በቤቷ እንግድነት ሲገባ በመስተንግዶ ሥራ የባከነችውን ማርታን «በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ» ሲላት (ሉቃ. 10፥41) እኛ ይህን ቃል ለሴቶች ምክር አድርገን ነው የምንሰማው። እኔ ግን በእኛ ቤት የሚመለከተው ማርታን ብቻዋን የተውናትን ይመስለኛል። ወንዶች፣ ቅዳሜ ቀን ሽንኩርቱን አብረን እንላጥ። ወጣቶቹ ቁሌቱን ተራ በተራ ያማስሉ። ወጡ በጊዜ ተሠርቶ ይውጣና ማታ በሩን ቆልፈን ሁላችንም እንሂድ። ወጡ አንድ ዓይነት ብቻ ቢሆንስ? የሚቀርብን ነገር የለም። ልጁም አባቱ ዓይኑ እያለቀሰ ሽንኩርት ሲልጥ ካየ «ለምን አንተ ትልጣለህ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ «እማዬም የትንሣኤውን ምሥራች ቆማ እንድትሰማ» ነው። ከዚህ የበለጠ ትምህርት የት ይገኛል?

ደግሞ እርቅ አለ። በሕማማት አንሳሳምም፣ እጅ አንጨባበጥም፤ የይሁዳን የክህደት ሰላምታ እያሰብን ነው። ትንሣኤ ሲሆን መሳሳሙ ይመለሳል። ግን በየዘመዱ መሀል ከሕማማት በፊትም የማይሳሳም፣ ከትንሣኤ በኋላም የማይሳሳም ሰው አለ። በውርስ ቤት ወይም በብድር የተነሣ ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ወንድምና እህት። «እነሱ ከመጡ እኛ አንመጣም» የተባለበት ስንት የፋሲካ ምሳ አለ! ልጆች ደግሞ ይህንንም ይጠይቃሉ፤ «እትዬ ዘንድሮ ለምን አልመጣችም?» ይላሉ። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለም፣ ታርቆ መገኘት ብቻ ነው ያለው። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏል (ማቴ. 5፥24)። ሽማግሌ የሚያስፈልገው ከሆነ ከሰሙነ ሕማማት የተሻለ ጊዜ የለም። ቢያንስ ዛሬ ስልክ ደውሉ።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ ድፎ ዳቦው ከኮባው ጋር ቀርቦ ቤቱ በመዓዛው ታውዷል። የቤቱ ታላቅ ይነሣል። ቢላዋውን ይዞ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ዳቦው ላይ በመስቀል ምልክት ያማትባል። ሁሉም ቆሟል። ይቺ ቅጽበት የምታልፈው ቶሎ ነው። እባካችሁ ቴሌቪዥኑን ዝጉት። የበዓል ፕሮግራሙ ይደርሳል። ስልኩም ለፎቶ ከመነሣቱ በፊት አባታችን ሆይ ይባል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉ እያለ ያስተማረው ለመነኮሳት አልነበረም፤ ሚስትና ልጅ ላላቸው፣ ገበያ ለሚውሉ ሰዎች ነው። ደግሞ አስቡት፣ የኤማሁስ መንገደኞች ጌታን ያወቁት በመንገዱ ሁሉ ሲያስተምራቸው ሳይሆን ቤት ገብቶ፣ በማዕድ ተቀምጦ፣ እንጀራውን ባርኮ ሲቆርስላቸው ነው (ሉቃ. 24፥30-31)። ያውም በዚያው በትንሣኤው ቀን ማታ።

የጎረቤት ድርሻ እንዳይረሳ። ነህምያ ላይ ሕዝቡ የሰባውን ብሉ፣ ጣፋጩን ጠጡ ሲባሉ ወዲያው ላልተዘጋጀላቸው ድርሻቸውን ላኩ ተብለዋል (ነህ. 8፥10)። ሳህኑን ሸፍናችሁ የምትልኩት ልጁን ይሁን። ማንን እንደሚያንኳኳ፣ ምን ብሎ እንደሚሰጥ ንገሩት። ተርፎ ሰኞ የሚሰጥ ሳይሆን ከመቁረሱ በፊት የሚነሣ ይሁን።

እና ሰኞስ? ብዙዎቻችን በዓሉ እሑድ ማታ ያለቀ ይመስለናል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሳምንቱን ሙሉ በስም ከፋፍላ ሰጥታናለች። ሰኞ ማዕዶት ነው፣ ነፍሳት ከሲኦል ወደ ገነት የተሻገሩበት መታሰቢያ። ማክሰኞ የቶማስ ነው። ረቡዕ የአልዓዛር፣ ሐሙስ የአዳም፣ ዓርብ የቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ሽቱ ይዘው ወደ መቃብሩ የገሰገሱት ቅዱሳት አንስት፣ እሑድ ዳግም ትንሣኤ። በሥራ ቀን፣ ከሥራ ደክማችሁ ገብታችሁ፣ የተረፈውን ወጥ አሙቃችሁ ስትቀመጡ «ዛሬ የማን ቀን ነው?» በሉ። ማክሰኞ የቶማስን ታሪክ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 አንብቡ። በጣም አጭር ነው፣ እንጀራው ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። «ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» የሚለው ቃል ለእኛ ለዛሬዎቹ እንደተባለ ለልጆቹ ንገሯቸው። ረቡዕ ደግሞ «እንዴ፣ ዛሬ ጾም አይደለም ወይ?» የሚል ልጅ ይኖራል፤ ቢኖር ደስ ይበላችሁ! ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሃምሳ ቀን በዓል፣ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ሙሽራው ከእነርሱ ጋር ሳለ ሚዜዎች አይጾሙም በሉት (ማር. 2፥19)።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን ይህ እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። አሜሪካና አውሮፓ ሌሊቱን አስቀድሳችሁ ሰኞ ሥራ የምትገቡ አላችሁ። በዓረብ አገር በሰው ቤት ሆናችሁ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያልቻላችሁ፣ ጾሙን በስልክ ከእናታችሁ ጋር እያወራችሁ ብቻችሁን የምትገድፉ እህቶችም አላችሁ። እግዚአብሔር ክፍላችሁን ያያል፤ ያ ብቸኛ ጉርሻም በስሙ ሲባረክ የበዓል ማዕድ ነው። ልጆቻችሁ አማርኛ የማይቀናቸው ደግሞ አትሸማቀቁ። በእንግሊዝኛ ከጠየቁ በእንግሊዝኛ መልሱላቸው። ቋንቋውን ቀስ ብለው ይማሩታል፣ ዋናው ጥያቄው ሳይመለስ እንዳይቀር ነው።

መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ ከራሳችሁ አትፍጠሩ፣ አትቆጡ። «አላውቅም፣ እንጠይቅ» በሉ። ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ፣ አገር ቤት ያለችውን አያት ጥሩ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጉትና ልጁ ራሱ ይጠይቅ።